ለማሽኑ የሠራሁት ዳንቴል

ስለ ቅንጭብ የሚጻፍ ነገር ካለ እኔ ልጽፈው አይገባም ነበር። ፊደል የለየሁት ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ነው። ዓረፍተ ነገር ስጀምር መጨረሻው የት እንደሚያደርሰኝ አይታየኝም። ግን በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከእሷ ጋር ክርን ለክርን እየተነካካን የዋልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ስለሚወዷት ብዙ ነገሯ ያመልጣቸዋል። እኔ ስለምቀናባት የጫማዋ ክር አስተሳሰር እንኳ አላመለጠኝም። አዎ፣ ቀንቼባታለሁ። አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል።

ቅንጭብ ያላት ፎቶ አንሺው ነው። እሱ በፊተኛው ክፍል የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ለሰው ስም ያወጣል። እኔን «እመ ካሴት» ይለኛል። የሱቁን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ፊታቸውን ሲያዞሩ «ይደርሳል» ይላቸዋል፤ ለደንበኛ ሁሉ «ይደርሳል» ስለሚሉ። ልጅቷ በመጣች በመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዳቦዋን ከአራት ቆርሳ አንዷን ብቻ በላች።

«ሌላውስ?» አላት።

«ሆዴ ምን እንደሚል ልየው እስቲ፤ ከተስማማው እቀጥላለሁ።»

«ወይ ጉድ! ቁመቷ ቅንጭብ፣ ምሳዋ ቅንጭብ!» አለ።

እሷ ውኃው በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። እኔን ቢለኝ ኖሮ ሦስት ቀን አልቅሼ ነበር። ስሙ ያን ዕለት ተለጠፈባት፣ በዚያው ቀረ።

ሱቃችን ሦስት ክፍል ነው፣ እንደ ባቡር ተከታትሎ የተሠራ። ፊት ለፊት ፎቶ አንሺው፣ መሐል ላይ ጋሼ ከነጠረጴዛቸው፣ ከሁሉም ውስጥ መስኮት የሌለው የኔ ክፍል። የኔ ክፍል የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ፣ ልደት፣ ምረቃ ያለበትን ካሴት ያጸዳሁት እዚያ ነው። ሻጋታውን በጥጥና በአልኮል እጠርጋለሁ፤ የተበጠሰውን በቀጭን ማጣበቂያ እቀጥላለሁ። ካሴቱ ሲዞር ድምፁን ሰምቼ የታመመበትን ቦታ አውቃለሁ። የማን እንደሆነ ግን መጻፍ ስለማልችል በጥፍር ቀለም ነጥብ አደርግበታለሁ። ቀይ ሁለት ነጥብ የባለ ዳቦ ቤቷ፣ ሮዝ አንድ ነጥብ የጥርስ ሐኪሙ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

የክፍሉ ቁልፍ በጥቁር ክር አንገቴ ላይ ነው። ገላዬን ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም። ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ቀልድ ይወዳል። «የኔን ቀለበት ይህን ያህል ባከበርሽልኝ» ይለኛል።

ከስምንት ወር በፊት ጋሼ አዲስ ማሽን አመጡ። በውስጡ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ እኛ አሳጥረን «አስተዋዩ» እንለዋለን። የደበዘዘ የድሮ ቪዲዮ ሲሰጡት እያንዳንዷን ሥዕል እያየ፣ የጠፋውን እየገመተ ያጠራል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ሥዕል አለ፤ ሃያ አምስቱንም አንድ በአንድ ያስብባቸዋል። ሲያስብ ታዲያ ያስባል! አንድ ሰዓት የሚሄድ ካሴት አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል፣ ትርፍ ሰዓትም ይበላል። ደንበኛ ይነጫነጫል፣ ጋሼ «ይደርሳል» ይላሉ።

እኔ ግን መዘግየቱን ወድጄለት ነበር። እሱ እስኪያስብ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ጽሑፉን ባላነብም አረንጓዴው ምን እንደሆነ፣ ቀዩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዳንቴል እሠራ ነበር። ለራሱም ሠራሁለት። የእንቁላል ቅርፊት በሚመስል ክር፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አበባ ያለው። አቧራ እንዳያስገባ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ገበር ሰፋሁበት፣ ለማብሪያው ብቻ ቀዳዳ ተውኩ። ማታ ልሄድ ስል ሥራ ላይ ያለውን ማሽን አለብሰዋለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ። ሕፃን አስተኝቶ እንደመውጣት ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሦስት ወንድምና እህቶች ሰባት ካሴት በከረጢት ይዘው መጡ። እናትና አባታቸው የተጋቡበት ሃምሳኛ ዓመት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይከበራል። አባትየው የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ናቸው፤ ካሜራ ገዝተው የልጆቻቸውን እድገት ሁሉ የቀረጹት ራሳቸው ናቸው። ልጆቹ ያን ሁሉ አጥርተው በትልቅ ቴሌቪዥን ሊያሳዩአቸው አሰቡ።

«ለቅዳሜ ቀትር ይደርስልናል?» አለች ታላቂቱ።

«ይደርሳል» አሉ ጋሼ።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ጣታቸውን ሲያጥፉ ሲዘረጉ አየኋቸው። ሰባት ካሴት፣ ለያንዳንዱ አንድ ቀን ከምናምን። አልደረሰም። ላብ ላብ አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ቅንጭብን ይዘዋት መጡ። የባለቤታቸው የአክስት ልጅ ናት። ከዚህ በፊት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ከዚያ በፊት አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቆርጣለች። ቤቷ አማቷን ታስታምማለች። ጋሼ ሁላችንንም መሐል ክፍል ሰበሰቡንና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ሥራ ቅዳሜ ቀትር ካልደረሰ የውስጡን ክፍል ለልብስ ሰፊው እለቅለታለሁ፤ በቃኝ። ከደረሰ ግን ሥራው ይሰፋል፣ በኃላፊነት የሚይዘው አንድ ሰው ይኖራል። ቁልፉም ከዚያ ሰው ጋር ይሆናል።»

ይህን ሲሉ ዓይኔን አላዩም፣ አንገቴን ነው ያዩት። እጄ ሳላውቀው ቁልፉን ያዘ።

ቅንጭብ ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው ዳንቴሉን ከማሽኑ ላይ ማንሳት ነበር። አላየችውም፤ ማለቴ አይታ አላደነቀችውም። ከአራት አጠፈችው። ወንበሩ ለቁመቷ ዝቅ ስላለባት ከበታችዋ አድርጋ ተቀመጠችበት።

ጥጤን አንስቼ ካሴት መጥረግ ቀጠልኩ። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደረቴ ላይ እንደ ቃር የሚያቃጥል ነገር ገባ።

«እትዬ፣ ካሴቶቹን እርስዎ ነዎት ያጸዱት? እንዴት ያምራሉ!» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«ምልክት ናት።» ከዚያ በላይ አልነገርኳትም። እስክሪብቶ አውጥታ በየካሴቱ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጠፈች፣ ጻፈችበት። ነጥቦቼ ከወረቀቱ ሥር ተቀበሩ።

ያን ቀን አስተዋዩን አላስነሳችውም። ካሴቶቹን እያስሮጠች አየች። ጋሼ በየግማሽ ሰዓቱ በበሩ ብቅ ይላሉ።

«ጀመርሽ?»

«አልጀመርኩም፣ ጋሼ። የማያስፈልገውን እየጣልኩ ነው።»

«ቀኑ እየሄደ እኮ ነው!»

«እሱን ለመያዝ ነው።»

እውነቷን ነበር፣ ማመኑ ቢያንቀኝም። ሹፌሩ ካሜራውን ሳያጠፉ ይረሱ ኖሯል፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የገዛ ጫማቸውን ቀርጸዋል። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ባዶ የሚንጫጫ ነጭ አለ። አንዱ ላይ ዝናብ ሲዘንብ አርባ ደቂቃ። እኛ ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያለውን ባዶ ነገር ሁሉ ለአስተዋዩ ስንሰጠው፣ እሱም ለባዶው ሲጨነቅበት ኖረናል ማለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሰባቱ ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ደንበኞቹ ዘንድ ደወለች። «ቴሌቪዥናችሁ ስንት ኢንች ነው?» ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄ አላውቅም። ትልቅ ያሉት ቴሌቪዥን መካከለኛ ነበር። «ታዲያ እኛ የሲኒማ ቤት ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ለማን ነው የምንሠራው?» አለችና መጠኑን በግማሽ ቀነሰችው። ቪዲዮዎቹን በገመድ ከሚንጠለጠለው ዘገምተኛ ዲስክ ወደ ማሽኑ ውስጥ አዛወረቻቸው። ደግሞ እያንዳንዱን ዐሥር ዐሥር ደቂቃ አድርጋ ቆራረጠችው።

«ለምንድነው የምትቆራርጪው?» አልኳት፣ ሳላስበው።

«መሐል ላይ ቢቋረጥ እትዬ፣ የምናጣው አንዷን ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉውን እንደገና ከማልቀስ ይሻላል።»

ከዚያ ዐሥር ሰከንድ ብቻ መረጠች፤ እናትየው በወጣትነታቸው ከአውቶቡስ በር ላይ ሆነው የሚስቁባትን። በሦስት ዓይነት አሠራር አሠራችው፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ቀላል። የቱ የትኛው እንደሆነ ሳትነግረኝ ሦስቱን ደርድራ አሳየችኝ።

«እርስዎ ይምረጡ። የእርስዎ ዓይን ነው የሚያውቀው።»

ወጥመድ መሰለኝ። አንዱ ላይ የሴትየዋ ጉንጭ እንደ ሰም ለስልሶ ነበር፣ ሰው አይመስሉም። አንዱ ላይ ግን የዓይናቸው ሥር ሽብሽብ ሳይቀር ይታያል። «ይሄኛው ሰው ነው» አልኩ።

«ቀላሉ ነው!» ብላ እጇን አጨበጨበች። «ከባዱ ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ያውም ያበላሸዋል። ጋሼ! እትዬ ሁለት ቀን አተረፉልን!»

ጋሼ ብቅ አሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሷን «ጎበዝ» አሏት። እሷን! የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጎበዝ የተባለችው እሷ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ከጋሼ አፍ «ጎበዝ» ስጠብቅ ኖሬ፣ ይቺ በሁለተኛ ቀኗ በላችው።

አሁን አንድ ሰዓት ካሴት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ይፈጃል። ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስነሳችው። ስሌቷ ሁሉም ሐሙስ ሌሊት ያልቃል የሚል ነበር። ደስ ብሏት እየዘለለች ሄደች። እኔ ዳንቴሉን ከወንበሩ ላይ አንስቼ፣ የተቀመጠችበትን ዘርግቼ አራገፍኩና ማሽኑን አለበስኩት። በሩን ቆለፍኩ። ተንኮል አልነበረም፣ ያን ማታ አልነበረም። በማግስቱ ቀድሜያት ገብቼ አነሳሁት። ዳግመኛ ስትቀመጥበት ማየት ስላልፈለግኩ በቦርሳዬ ከተትኩት።

ቅንጭብ ገብታ ስክሪኑን አየች። አንዴ አየችኝ፣ አንዴ ስክሪኑን።

«እንዴ? አራት ሰዓት የሚያህል ሥራ ብቻ? ዐሥራ አምስት ሰዓት አድሮ?»

ቀን ግን እየሮጠ ዋለ። ማታ እንደ ልማዴ አልብሼው፣ ቆልፌ ሄድኩ። ሐሙስ ጠዋት ስንገባ እንደገና ማታውን አዝግሞ አደረ። ፎቶ አንሺው በበሩ አንገቱን አስግጎ፦

«ማሽናችሁ ሌሊት ይተኛል እንዴ? እንደ ሰው ነው የለመደው፣ እመ ካሴት አስተኝታው ነው የምትሄደው» አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ለይምሰል ነበር። ምክንያቱም ያን ዕለት ጠዋት ቤት፣ ባሌ የሥራ ጫማውን እያሰረ ሳለ ነገሩን አጫውቼው ነበር።

«ማታ ማታ ያዘግማል፤ ሞቅ ይለዋል መሰለኝ፣ ጠዋት ስነካው ይፋጃል» አልኩት።

«ያቺን ዳንቴልሽን ታለብሺዋለሽ?»

«እና አቧራ ይብላው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺን ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ጓዳ ቆልፌብሽ፣ ሩጪ ብልሽ ትሮጫለሽ?» አለና እየሳቀ ወጣ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት አውቄአለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ደንበኛ ያስነጫነጨው፣ ጋሼን «ይደርሳል» ያስባላቸው፣ ቅንጭብን ያስመጣብኝ፣ ግማሹ የኔ ዳንቴል ነበር። ለጋሼ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ብድግ አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ብነግራቸው የሚያሸንፈው ማን ነው? እሷ። ባልነግራቸውስ? ክፍሉ ለልብስ ሰፊው ይሄዳል። ሁለቱንም አሰብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ክፍሉ ለልብስ ሰፊው ቢሄድ ይሻለኛል የምልበት ደቂቃ ነበረ። እኔ ከማልይዘው ማንም አይያዘው። ቅናት ሰውን እንዲህ ያሳንሰዋል።

ከሰዓት በኋላ ቅንጭብ ማሽኑን ጎኑን ከፍታ አየችው። በቁልፍ መያዣዋ ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ መፍቻ ነው የከፈተችው። ከማራገቢያው ላይ አንድ ነገር በጣቶቿ ነቅላ ወደ ብርሃን አቀረበችው። ሩቅ ነበርኩ፣ ግን ቀለሙን አየሁት። የእንቁላል ቅርፊት። ክሯን በጣቷ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ከዚያ አልኮል አልቆብኝ ፋርማሲ ሄድኩ። ስመለስ የለችም። አማቷን ሐኪም ዘንድ ልትወስድ ቀደም ብላ ወጥታለች። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

ወረቀት ሲያጋጥመኝ ልማዴ ወደ ፎቶ አንሺው መሮጥ ነው። ያን ዕለት ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጣቴን ከሥሩ አድርጌ ጀመርኩት። ፊደሎቹን ትልልቅ አድርጋ ነው የጻፈችው፣ አራርቃ። ብዙ ቆየሁበት። «እትዬ። ዛሬ ማሽኑን አይሸፍኑት። በሩንም ክፍት ይተዉት። ይሞቀዋል። አመሰግናለሁ።»

አነበብኩት። ማንም ሳያግዘኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። ሮጬ ለሰው ልናገር አልኩ። ለማን? ምን ብዬ? ወረቀቱን በጥንቃቄ ልጬ፣ ለሁለት አጥፌ፣ ደረቴ ውስጥ ከቁልፉ አጠገብ ከተትኩት።

ከዚያ ዳንቴሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ማሽኑን አለበስኩት። በሩን ቆለፍኩ። አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጌ አረጋገጥኩ።

ዓርብ ጠዋት ቅንጭብ በሩ ላይ ቀድማኝ ቆማ ነበር። እኔ ስከፍት ከኋላዬ ስለነበረች ዳንቴሉን መደበቅ አልቻልኩም። ክፍሉ እንደ ምድጃ ሙቀት ይተፋል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ማሽኑ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን አጥፍቶ አድሯል፤ አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ቆሟል። ቁራጭ ቁራጭ ስላደረገችው ብቻ ያለቀው ተርፏል።

ጋሼ ደረሱ። «ስንት ቀረ?»

«ሃያ ሰባት ሰዓት» አለች ቅንጭብ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ሰዓታቸውን አዩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። እስከ ነገ ቀትር ሃያ ስምንት ሰዓት አለ።

«ማነው በዚህ ጨርቅ ያፈነው?»

ከዚያ ቅንጭብ «ወረቀት ትቼ ነበር» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። አፌ ቀደመኝ። «እኔ ማንበብ እንደማልችል ጋሼ ያውቃሉ» አልኩ።

ጋሼ ተቆጡ፤ በእኔ ሳይሆን በእሷ። «ለማታነብ ሴትዮ ወረቀት ትተሽ ትሄጃለሽ? እንዲህ ነው ኃላፊነት? ቀበጥ!»

ቅንጭብ ስክሪኑን አየች፤ ወረቀቱ የነበረበትን ቦታ። ባዶ ነው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ። ያኔ ነው የገባኝ። ያላነበበ ሰው ወረቀቱን እዚያው ይተወዋል፤ ወይ ለፎቶ አንሺው ይወስደዋል። እኔ ያነሳሁት ስላነበብኩት ነው። አወቀችብኝ። ይኸው ልትናገር ነው አልኩ።

«አዎ፣ ጋሼ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። በቃል መናገር ነበረብኝ።»

ጋሼ እያጉረመረሙ ከሱቁ ወጡ። ቅንጭብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ እኩል እንሆን ነበር። ይቺ ግን በዳቦ አቆራረሷም፣ በፍጥነቷም፣ በዝምታዋም በለጠችኝ። እናም ከንዴቴ የተነሳ መሰለኝ፣ እንጂ ደግ ሆኜ አይደለም፣ ብድግ ብዬ ዳንቴሉን መንጭቄ ከማሽኑ ላይ ጣልኩት።

«አስነሺው» አልኳት። «በሩ ክፍት ይዋል፣ ክፍት ይደር።»

አስነሳችው። ግን የዚያ በር ነገር፣ ማጠፊያው ዘንበል ስላለ፣ ለቀቅ ካደረጉት እየተንቋቋ ራሱን ይዘጋል። ወንበር ብናስደግፈው ወንበሩን ይዞ ይዘጋል። ወደ ውስጥ አስፍተን እንዳንከፍተው የማሽኑ ጠረጴዛ ይይዘዋል። ፎቶ አንሺው እግሩን ደቀነበትና «ነገ ቀትር ድረስ እንዲህ ልቁም?» አለ።

«መፍቻሽን አምጪ» አልኳት ቅንጭብን።

«ለምን፣ እትዬ?»

«በሩን እንነቅለዋለን።»

ሁለቱም እኔን አዩኝ፣ ከዚያ አንገቴን። የላይኛውን ማጠፊያ ራሴ ፈታሁ። የታችኛው ዝጎ እምቢ ሲለኝ ፎቶ አንሺው ጨረሰው። አሥራ ሰባት ዓመት የቆለፍኩትን በር ሦስት ሆነን ተሸክመን ከፎቶ አንሺው መጋረጃ ኋላ አቆምነው። እንዲያ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ነፋስ ከመንገድ ዳር ጀምሮ እስከ ማሽኑ ገባ። ቅንጭብ እጇን ማሽኑ ጀርባ ላይ አድርጋ ቆየችና «ተነፈሰ» አለች።

ያን ቀን አጠገቡ አልተቀመጥኩም። ራሱን ችሎ ሮጠ።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ቁራጭ አለቀች። ቅንጭብ ቁራጮቹን ገጣጠመቻቸው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሦስቱ ወንድምና እህቶች ገቡ። አንዷን ክፍል ከፍተን አሳየናቸው፤ እናታቸው ከአውቶቡስ በር ላይ ሆነው ሲስቁ። ታላቂቱ እጇን በአፏ ጫነች።

«ይሄን የሠራው ማነው?»

ጋሼም ፎቶ አንሺውም ወደ ቅንጭብ ጠቆሙ። ሴትዮዋ አቅፋ ሳመቻት። ቅንጭብ «ካሴቶቹን ያጸዱት፣ አሠራሩንም የመረጡት እትዬ ናቸው» አለች። ሰዎቹ ወደኔ ዞረው «እግዜር ይስጥልን፣ እናታችን» አሉ፤ ወለል ለጠረገ ሰው እንደሚባለው። ቅንጭብ እንደ ምጽዋት የጣለችልኝ ያቺ «ናቸው» እንደ መርፌ ወጋችኝ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚሉትን ስለማውቅ ቀደምኳቸው። ቁልፉን ከአንገቴ አወለቅኩ። ክሩ ፀጉሬ ላይ ተጠመጠመ፣ መፍታቱ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ያም አሳፈረኝ።

«ሥራውን እሷ ትያዘው» አልኩ።

ጋሼ ቁልፉን ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል አዩ። በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት የዛገ ማጠፊያ ብቻ አለ።

«በሩ የት ሄደ?»

«ዓርብ ነው የሄደው፣ ጋሼ» አለ ፎቶ አንሺው። «እርስዎ ሁለት ቀን ሙሉ በባዶ ቦታ ሲገቡ ሲወጡ ነው የዋሉት።»

ጋሼ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ይሄ ምን ያደርግልኛል?» ብለው መልሰው እጄ ላይ ጣሉት።

ሰኞ ስገባ ቅንጭብ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ዳንቴሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የካሴት ማጫወቻዬን ለብሷል። ማጫወቻው ሥራ ሲያቆም ብቻ። በሩን ደግሞ በሁለት የእንጨት ሣጥን ላይ አጋድመውት የሥራ ጠረጴዛ ሆኖልኛል። ካሴት የማጸዳው አሁን እዚያ ላይ ነው። ረጅም ነው፣ ከድሮው ይሻላል። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ በቀኝ ክርኔ ሥር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበረ። የሳምንቱ ሥራ፣ ዐሥራ አንድ መስመር፣ በየመስመሩ ዳር ያቺ የጥፍር ቀለም ነጥብ፣ ቀዩም ሮዙም። ፊደሎቹን እንደ መጀመሪያው ወረቀት አላራራቀቻቸውም፣ አላሳደገቻቸውም፤ ለማንም እንደሚጻፈው ነው የጻፈችው። አላነበበችልኝም። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ «የገባዎትን ይጀምሩ፣ እትዬ፤ ያልገባዎትን ይጠይቁኝ» አለች፣ አለቀ።

ቁጭ ብዬ ጣቴን ከሥሩ አደረግኩ። ስድስቱ ገቡኝ። አምስቱን እሷን መጠየቅ ነበረብኝ። እሷን! ምራቄን ዋጥኩና ሰባተኛው ላይ ትንሽ ቆየሁ፣ ምናልባት ራሱ ይገባኝ እንደሆነ ብዬ።